ከቦዩ ማዶ ያለው ወፍ

አጎቴ ካርልተን በሽቦ ቤት ውስጥ ያለ ወፍ ፎቶ አያነሳም። «እኔ እስረኛ አላነሳም» ይላል፤ ያውም አባቴ ፊት ተቀምጦ፣ የአባቴን ሻይ እየጠጣ። አባቴ ሻፊክ ደግሞ ሱልጣን የሚባለውን ወፉን በረንዳ ላይ ከነሽቦ ቤቱ ሰቅሎ ጠዋት ማታ የሚያጫውት፣ እሁድ እሁድ ትልቁ ማንጎ ሥር ወስዶ ከሌሎች ወፎች ጋር በፉጨት የሚያወዳድር ሰው ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እንዳረጁ ሰፈሩን ሁሉ ይገርመዋል። እኔን አይገርመኝም። መሰዳደብ የማይሰለቻቸው ሰዎች አይለያዩም።

አጎቴ የምለው በሥጋ ስለሚዛመደኝ አይደለም፤ ዓይኔን ስገልጥ ቤታችን ውስጥ ስላገኘሁት ነው። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ፖስታ ማደሉን ሲተው ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ ገዛና ያንኑ የድሮ መንገዱን በካሜራ ይዞር ጀመር። «ሰው አንበሳ ላንሳ ብሎ ስንት ባሕር ያቋርጣል፤ እኔ ደጄ ላይ ያለውን አንስቼ መች ጨረስኩ?» ይላል። እውነቱን ነው። ጎሽ ጀርባ ላይ የቆመ ነጭ ሳቢሳ፣ ቦዩ ውስጥ ዓይኑን ብቻ ያወጣ አዞ፣ ሩዝ ማሳ ላይ የተኛ ጉም፣ ዝናብ ያባረራቸው አህዮች፤ ሁሉንም አንስቷል። ዓመቱ ሲያልቅ ከመሐላቸው መርጦ ካላንደር ያሳትማል። ናሪቫ በሚባለው የደሴታችን ረግረግ ዳር ባለችው መንደራችን የካርልተን ካላንደር ያልተሰቀለበት ግድግዳ ብትፈልጉ አታገኙም፤ የማይወዱት ሰዎች ግድግዳ ላይ እንኳ አለ።

እኔ ከበረንዳው ጎን ባለች ጠባብ ቤት ወጥ የሚጠቀለልበት ቂጣ፣ ሮቲ፣ እሸጣለሁ። ስለዚህ የሁለቱን ወሬ ሳልፈልግም እሰማለሁ። ካርልተን ጠዋት ከረግረጉ ሲመለስ ጫማውን አራግፎ ይመጣና ሆን ብሎ ለሽቦ ቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። አባቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣

«እስቲ ዛሬ ምን አየህ?» ይለዋል።

«ሳቢሳ።»

«ትናንትስ?»

«ሳቢሳ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አንዱን ሳቢሳ ነው እንዴ ዓመት ሙሉ የምታሳድደው? ምን አድርጎህ ነው?»

«ያንተን ወፍ ከማሳደድ ይሻላል። ያንተማ የት ይሄዳል!»

«ናዝሚን፣ ለዚህ ሰው በሮቲው በርበሬ ጨምሪበት። አፉ አልተቃጠለም።»

የሱልጣን ዓይነት ወፍ ድሮ በሜዳው ሙሉ ነበር ይባላል። ትንሽ ነው፤ ጥቁር፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ምንቃሩ ወፍራም። ፉጨቱ ስለሚወደድ ሰዉ ቅርንጫፍ ላይ በተቀባ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሙጫ እያጠመደ ጨረሰውና አሁን ማንጎው ሥር የሚወዳደሩት ሁሉ ከባሕር ማዶ በጀልባ የመጡ ናቸው። ካርልተን ሜዳ ላይ አንዱን አግኝቶ ማንሳት የዕድሜ ልክ ምኞቱ ነበር። አባቴን ይቅር ያላለውም በዚሁ ነው። «እናንተ ናችሁ የጨረሳችሁት» ይለዋል። አባቴ ይህን ሲሰማ ቢጫ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ይስባል። ያ ኮፍያ ከቀለም መሸጫ በነጻ የተሰጠው ነው፤ ሱልጣንን ሲያበላም፣ ሲያጥብም፣ ለውድድር ሲወስድም ከራሱ አይወርድም ነበር።

አንድ ጊዜ ግን አባቴ ለመነው። እኔ ራሴ ሰምቻለሁ።

«ካርልተን፣ እባክህ አንዴ ከሱልጣን ጋር አንሳኝ። ይቺ ልጅ በስልኳ ስታነሳው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ነው የሚወጣው።»

«በሩን ክፈትለትና ሲበር አነሳዋለሁ።»

«ሲበርማ ጭልፊት ያነሳዋል! እጅ የለመደ ወፍ ነው፤ ውጭ አንድ ሳምንት አይኖርም።»

«እንግዲያው አላነሳውም።»

«ዞር ብለህ እንኳ እየው እስቲ። ፊቱን ብታየው ምን ትሆናለህ?»

አላየውም። ግትር ነው፤ ግትርነቱንም እንደ ንጽሕና ነው የሚቆጥረው። እኔ እዚህ ላይ ለአባቴ አዳልቼ ላወራ እችላለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ወፍ ሁሉ እወዳለሁ እያለ አጠገቡ ያለውን አንዱን ወፍ በዓይኑ ሳያይ ዓመታት ሲያልፉ፣ ፍቅር ነው ለማለት ይከብደኛል።

በጥር ነፋስ የሽቦ ቤቱ ከምስማሩ ወድቆ በሩ ተከፈተ። አባቴ ከሽንት ቤት ሲወጣ የተበተነ ዘር ብቻ አገኘ። ሦስት ቀን የሽቦ ቤቱን ከፍቶ ዘር ሞልቶ በረንዳው ላይ ቆሞ አፏጨ። አልመጣም። ካርልተን መጥቶ አጽናናው፤ አልዋሽም፣ ከልቡ ነበር። «ነጻ ወጣ በለው» ሲለው ግን አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ብዙም ሳይቆይ ኩላሊቱ ጣለው። ከሆስፒታል ሲመለስ ከቤታችን ጀርባ ቦዩ ዳር ያለው ሐብሐብ ማሳው ድረስ መራመድ አልቻለም፤ አልጋውን ሜዳው በሚታይበት መስኮት በኩል አደረግንለት። ካርልተን ጠዋት ጠዋት ይመጣል። አንድ ቀን አባቴ ኮፍያውን ከትራሱ ሥር አወጣና፣

«እንካ፣ አድርገው። መላጣህን ፀሐይ እየጠበሰው ነው፤ አዞዎቹ ከሩቅ እያዩህ ይስቃሉ» አለው።

ካርልተን ሳቀ፤ አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረግረጉን የሚዞረው በአባቴ ኮፍያ ሆነ።

የካቲት ላይ ካርልተን ተለወጠ። ቀድሞ ተመልሶ ለሰዓታት ያወራ የነበረው ሰው ሻዩን ቆሞ መጠጣት ጀመረ። ካሜራውን አያሳየንም። ዓይኑ ግን ያበራ ነበር፤ እኔ ሴት ይዟል ብዬ ጠረጠርኩ፣ ደስም አለኝ።

«ዛሬ ምን አየህ?» ይለዋል አባቴ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«ምንም የለም። ያው ሳቢሳ።»

አንድ ጠዋት ነፋሱ ከቦዩ በኩል ይመጣ ነበር። አባቴ እጁን አነሳና ዝም በሉ አለን። ጆሮውን ወደ መስኮቱ አቀና።

«ሰማችሁት? ሱልጣን ነው።»

እኔ የሰማሁት የጎረቤትን የውኃ ፓምፕ ብቻ ነው። ወደ ካርልተን አየሁ፤ ሜዳውን የሚያውቀው እሱ ነዋ።

«የሌላ ወፍ ድምፅ ነው፣ ሻፊክ» አለው። «ናፍቆት ነው ጆሮህን የሞላው።»

«ከቦዩ ማዶ ነው የመጣው እኮ።»

«በየቀኑ እዚያ አይደለሁ እንዴ? ቢኖር አልነግርህም?»

አባቴ አመነው። እኔም አመንኩት። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ከቦዩ በኩል ሲመጣ አባቴ ጆሮውን ያቀናል፤ ግን ሰማችሁት ብሎ አይጠይቀንም። ግንቦት ላይ፣ የፑዊ ዛፎቹ ቢጫ አበባቸውን መንገዱ ላይ ሲያራግፉ፣ አረፈ። ካርልተን እንደ ወንድም ቀበረው። አፈር ሲያለብስ አካፋውን ለሌላ ሰው አልሰጠም።

ታኅሣሥ ሲገባ አዲሱን ካላንደር ይዞ መጣ። ኮፍያውን አድርጓል፤ ካላንደሩን በጋዜጣ ጠቅልሎታል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ዱቄት በክንዱ ጠርጎ አስቀመጠው።

«አንቺ መጀመሪያ እንድታዪው ብዬ ነው» አለኝ። «ለማንም አላሳየሁም። ለአባትሽ መታሰቢያ አድርጌዋለሁ።»

ጋዜጣውን ፈታሁት። የመጀመሪያው፣ የጥር ወር ገጽ ሙሉ አንድ ወፍ ነው። ሣር ላይ ቆሟል፤ እግሩን ሣሩ ሸፍኖታል። ጥቁር፣ ሆዱ የሸክላ ቀለም፣ ላባው አንድ በአንድ የሚቆጠር። ከሥሩ የአባቴ ስም ተጽፏል።

«ሜዳ ላይ ያለ ነው፣ ናዝሚን! የዱር! አልቋል ሲሉን የነበረው! ከሐብሐብ ማሳችሁ ጀርባ፣ ከቦዩ ማዶ። ከየካቲት ጀምሮ እስከ ክረምቱ ድረስ ተከታትዬዋለሁ። ዝናቡ ሲበረታ ጠፋ እንጂ ስንት ጊዜ አነሳሁት መሰለሽ!»

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር። ከምንቃሩ በላይ፣ በስተግራ በኩል፣ የምስር ፍሬ የምታህል ላባ የሌለባት ቦታ አለች። ሱልጣን አባቴ ሲመጣ ባየ ቁጥር ጭንቅላቱን በሽቦዎቹ መሐል ለማውጣት እየገፋ ተመልጦ የቀረ ነው። አባቴ በጣቱ ጫፍ የኮኮናት ዘይት ሲቀባው ስንቴ አይቻለሁ።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ለአባትሽ? ተይ እንጂ! ልቡ አይችልም ነበር። ወይ ራሱ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ወይ ከማንጎው ሥር ሰዎች አንዱን ሙጫ አስይዞ ይልካል። ይሄ ደግሞ የቀረ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ እንዴት አድርጌ አሳልፌ እሰጠዋለሁ?» አለና ፎቶውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ደግሞ ብታዪው ጉድ ነው። የዱር ወፍ ሰው ሲያይ ይሸሻል አይደል? ይሄ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። አንድ ቀን ኮፍያውን ረስቼ ሄድኩ፤ አልቀረበኝም፣ ከሩቅ ያየኛል። በማግስቱ አድርጌ ስሄድ ከፊቴ መጥቶ ቆመ። ቢጫ ቀለም ይወዳል መሰለኝ።»

ምን ልበለው? ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባ ነበር። ማለፍ አልቻልኩም። ጓዳ ገብቼ የሽቦ ቤቱን አመጣሁና ከካላንደሩ ጎን አስቀመጥኩት። ከበሩ አጠገብ ሁለቱ ሽቦዎች ተጣመዋል፤ አንድ የወፍ ጭንቅላት ለዓመታት የገፋቸው ናቸው።

«አጎቴ፣ እዚህች ጋ ተመልከት» አልኩት፤ መላጣዋን ቦታ አሳየሁት። ከዚያ ሽቦዎቹን አሳየሁት። ከዚያ ራሱ ላይ ያለውን ኮፍያ።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ሮቲ ሊገዛ የመጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ በእጄ ሸኘሁት።

«አንድ ሳምንት አይኖርም ብሎኝ ነበር» አለ ካርልተን። «ራሱ ነው ያለኝ። ሱልጣን ይሆን እንዴ የሚል አንድ ጊዜ በልቤ መጥቶብኝ ነበር፤ ግን ሳምንቱ ካለፈ ቆይቷል አልኩ። ደግሞ… የዱር እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ ናዝሚን። በጣም ፈልጌ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ፊቱን አላውቀውም። አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ዱቄቱ ላይ በጣቱ የሆነ ነገር ይጭር ጀመር። አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም። ሁለቱ አንድ ላይ ነበር የያዙኝ። አባቴ ከአልጋው ሆኖ በመስኮቱ የሚያየው ያንኑ ሜዳ ነው። በክንዴ ደግፌ፣ ወይም በጎረቤት ጋሪ፣ አንድ ጠዋት ላደርሰው እችል ነበር። ወፉን መያዙ ይቅር፤ ከቦዩ ወዲህ ቆሞ አንዴ ቢሰማው ይበቃው ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ለሰው ሳይደርሰው ሲቀር፣ ከትልቁ ይልቅ ያንገበግባል።

«ምነው አንድ ቃል በጠየቀኝ» አለ ካርልተን። «ምነው ያን ጊዜ አጥብቆ ቢጠይቀኝ። እነግረው ነበር እኮ።»

«በየቀኑ ጠይቆሃል» አልኩት። «ዛሬ ምን አየህ ብሎ።»

ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። በመጨረሻ ተነሳ፤ ኮፍያውን አውልቆ የሽቦ ቤቱ ላይ ደፋውና ካሜራውን ሳያነሳ ወጣ። ፀሐዩ እንዲያ እየከረረ በራቁት ራሱ መንገዱን ይዞ ሲሄድ አየሁት።

ካላንደሩ ግን ታትሟል፤ በየቤቱም ተሰቅሏል። እኔም ሰቅዬዋለሁ፣ በረንዳው ላይ፣ የሽቦ ቤቱ ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ላይ። ጥር አልቆ ሌላ ወር ገብቷል፤ ገጹን አልገለበጥኩትም። ካርልተን ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ካሜራውን ሊወስድ አልጠየቀም፤ እኔም አላነሳሁበትም። አሁን ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ምስማሩ አድርጎ ይቀመጣል። ሻዩን እስኪጨርስ ወፉን ያያል። እኔም ምን አየህ ብዬ አልጠይቀውም።