በጆንያ የቀሩ ኩባያዎች

እህቴ ትርሲት ከአረብ አገር የተባረረችው በ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። አዲስ አበባ ዐሥራ አራት ቀን ተለይታ ተቀምጣ፣ ከኮሮና ነጻ ናት የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። መንደራችን ከሞላሌ ወጣ ብሎ ነው። ሰዉ ወረቀቱን ሊያየው እንኳ አልፈለገም። ከወንዙ ማዶ ባለችው የጭድ ጎጆ እንድትቆይ ተወሰነባት። ምግቧን ድንጋይ ላይ አስቀምጬላት ዞር እላለሁ፤ እሷ መጥታ ታነሣለች።

«እማን የማቅፋት መቼ ነው?» አለችኝ አንድ ቀን ከሩቅ።

«ከማኅበሩ በኋላ ይሆናል ተብሏል።»

ሐምሌ ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እናታችን ነበረች። በማኅበራችን ጽዋው አንድ ነው። ካህኑ ከባረኩት በኋላ ጠላ እየተሞላበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

«ማሙሽ፣ ዘንድሮ ሰው በየኩባያው ይጠጣ» አለች ትርሲት። «የነበርኩበት ቤት ሰዎች እንደኛው አንድ ትሪ ከበው ነበር የሚበሉት። አምስቱም ታመሙ። ንገራቸው እሺ?»

«እሺ» አልኳት።

ከገበያ ዐሥራ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቼ በጆንያ ከበሩ ኋላ አስቀመጥኩ።

በማኅበሩ ዕለት ጋሼ ዳኜ ዘግይተው መጡ። በግ ነጋዴ ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ከተመለሱ ሁለት ቀናቸው ነው። ሳል አላስቀምጥ አላቸው፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸው አልቦታል።

«ምነው ዳኜ?» አሏቸው አባ ወልደ አማኑኤል።

«የመኪና ንፋስ ነው አባ። የመንዝን ሰው ደግሞ ብርድ ሊገድለው?» ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጅሽስ ጠጄ?»

«ማዶ አለች። እየተጯጯኽን እናወራለን።»

«ቻይው እንግዲህ። በሽታው የፈረንጅና የአረብ ነው። በራችንን ከዘጋንበት በየት ይገባል፣ አጥር ይዘላል?»

ሁሉም ሳቁ። እናቴም ሳቀች።

አሳላፊው እኔ ነበርኩ። ጆንያውን አየሁት። «አባ…» አልኩ። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

«ምነው ልጄ?»

«ጠላው… ይቅረብ ወይ?»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ጋሼ ዳኜ።

ጽዋውን ሞላሁት። እሳቸው ጠጡና አጠገባቸው ለነበረችው ለእናቴ አቀበሏት።

በስድስተኛው ቀን እናቴ ተኛች። በዘጠነኛው ትንፋሽ አጠራት። ጤና ጣቢያ ለማድረስ ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ስፈልግ በየደጁ ዞርኩ። በሌላ ጊዜ ሳይጠሩት የሚመጣው ሁሉ በሩን ሳይከፍት «እግዜር ይማራት» አለኝ።

ወንዙ ዳር ሄጄ ትርሲትን ጠራኋት። ጫማዋን ሳታወልቅ ተሻገረች።

እናቴን ከፍ አድርጋ በጎኗ አስተኛቻትና ጆሮዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ይህን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ» አለች። «እዚያ ያስታመምኳቸው አሮጊትም እንዲሁ ነበሩ።»

እናቴ ዐይኗን ገለጠች። «መጣሽ?»

«መጣሁ እማ።»

ለሁለት ተሸክመን ጤና ጣቢያ ልናደርሳት አልቻልንም፤ ሁለት ቀን እንዲያ ሆነው ቆዩ። በሦስተኛው ቀን ጧት እናቴ አረፈች።

በቀብሩ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ አየን። ጋሼ ዳኜ ድነዋል፤ ምርኩዝ ይዘው መጥተዋል። «ይህችው ናት ይዛብን የመጣችው» አሉ፣ እንድትሰማ አድርገው።

ትርሲት ድምፅዋን አላነሣችም። «እዚያ በሽታሽን ይዘሽ ወደ አገርሽ ሂጂ አሉኝ። ከዚህስ ወዴት ልሂድ ጋሼ ዳኜ?»

ያን ጊዜ እኔ ተናገርኩ።

«እናቴ እስክትታመም ድረስ እሷ ወንዙን አልተሻገረችም። ጽዋውን የሞላሁት እኔ ነኝ። እናቴ የተቀበለችው ከእርስዎ እጅ ነው።»

ጋሼ ዳኜ ትንሽ አዩኝ። «ይህን ዛሬ ነው የምትናገረው?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አባ ወልደ አማኑኤል አቀርቅረው ነበር።

በሣልስቱ ማግስት ትርሲት በጧቱ አውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከትታዋለች።

ቀጣዩ የጽዋ ተረኛ ጋሼ ዳኜ ነበሩ። ላስረክብ ስሄድ ሚስታቸው ከሩቅ አይተው እጃቸውን ዘረጉ።

«አትምጣ። እዚያ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው።»

ጽዋውን አስቀመጥኩት። ጆንያውንም ከጎኑ አስቀምጬ ዞር አልኩ።