ግማሽ ብልቃጥ

ዙቤይዳ ዓይኗን ከብልቃጡ ላይ አላነሳችም። የልጇ ደም እየተጎተተ መጣና ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የላብራቶሪ ባለሙያው ጀይላን መርፌውን ቢያዘነብል፣ የልጅቱን ክንድ ቢያሻሽ፣ ከዚያ በላይ ጠብ አልል አለ።

«ይበቃል» አለ በመጨረሻ፤ ለሪሀና ጥጥ ሰጥቶ እያሰናበታት። «ለፕላዝማው ይሄም ይበቃል።»

ይበቃል የምትለዋን ቃል ዙቤይዳ አልወደደቻትም። ከዓመት በፊት ያን ጥቁር ነጥብ ከሪሀና ውስጥ እግር ቆርጠው ሲያወጡም ይህንኑ ነበር ያሉት። የቆዳ ካንሰር ነው፤ ወጥቷል፤ በቃ። ታዲያ ከበቃ በየሦስት ወሩ ደም መቅዳት ምን ይባላል? ቁስሉ ጠግጓል። ልጅቱ ከሚሴን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሯ ታካልላለች። ጀይላን ደጋግሞ አስረድቷታል፤ በሽታው ቢመለስ ዓይን ሳያየው ፍርፋሪውን ደም ውስጥ ይጥላል፣ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች የሚፈልጉት ያን ፍርፋሪ ነው። «እሺ» ትለዋለች። ልቧ ግን እሺ ብሎ አያውቅም። ቀይ ደም ማሽን ውስጥ ገብቶ፣ ሲሽከረከር ቆይቶ፣ ፕላዝማ የሚሉት ቢጫ ውሃ ሆኖ ሲወጣ፣ ያ ቢጫ የልጇ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?

የጎልማሶች ትምህርት የገባችው በዚህ ምክንያት ነው። አያት ከሆኑ ሴቶች ጋር ተጋፍታ ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች። መምህሯ ሙሚና «ጣትሽን ከፊደሉ አታንሺ። ዓይን ይዘላል፤ ጣት አይዘልም» ትላት ነበር።

ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያው ቀጠሮ የሪሀና ነበር። በሩ ሊከፈት ሲል ግን አባ ሸምሱ ከጨፋ ሮቢት ደረሱ። እሳቸውም ተረከዛቸው ላይ የወጣ ተመሳሳይ ነገር ተቆርጦላቸዋል።

«አካም ጅርቱ?» ብለው ሰላምታ ሰጡና ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ዙቤይዳ ልጇን በክርኗ ነካ አደረገቻት። ሽማግሌ ቆሞ ልጅ እግር ቀድሞ አይገባም። ከሦስት ወር በፊትም እንዲሁ አስቀድመዋቸው ነበር።

«ገለቶሚ፣ የኔ ልጅ» ብለው ሽማግሌው ሪሀናን አመሰገኑ። ወደ እናትየው ዞረው፣ «እንግዲህ አፉ በሉኝ። ያለፈው ደሜ ላይ በሽታው ተገኝቷል። ነገ አዲስ አበባ ሄጄ መድኃኒት ልጀምር ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ይቅርታ ጠይቄ ጨርሻለሁ። የቀረችኝ አህያዬ ናት፤ እሷስ ስትረግጠኝ ነው የኖረችው፣ ተካክሰናል።»

ሪሀና ሳቀች። ዙቤይዳ «አላህ ያሽርዎት» አለች። በሆዷ ግን የልጇን ወረቀት አስታወሰች። ምንም አልተገኘም ይል ነበር። አልሐምዱሊላህ አለችና፣ ወዲያው በሰው ሐዘን ላይ ያመሰገነች መስሏት አፈረች።

አሁን ማሽኑ እያቃሰተ ቆመ። ሪሀና ውጭ ከአባ ሸምሱ ጋር ጥላ ውስጥ ተቀምጣለች። እናትየው ንቅንቅ አላለችም።

«እናቴ፣ እርስዎም ውጭ ቢጠብቁኝስ?» አለ ጀይላን።

«እዚሁ ነኝ።»

«ሌባ እየጠበቅሁ ነው በሉኛ!»

«ሌባ ባትሆንም ሰው ነህ።»

እየሳቀ የአባ ሸምሱንና የሪሀናን ቢጫ ፈሳሽ በየተራ መጠጠና ወደ ሁለት ትናንሽ ብልቃጦች ገለበጠው። ስም የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ቀድሞ ተለጥፎባቸዋል። አንደኛው ሞላ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ቀረ። በረዶው ሳጥን ውስጥ ሊከታቸው ሲል ዙቤይዳ እጁን ያዘችው።

«ላንብበው።»

«ኧረ! ፊደል ቆጥረው ተቆጣጣሪ ሆኑብን?»

ጣቷን ግማሹ ብልቃጥ ላይ አሳረፈች። የመጀመሪያው ፊደል ሪ አልነበረም። ዓይኔ ዘሎ ይሆናል ብላ እንደገና ጀመረች። ሸ። ም። ሱ።

«ይሄ የልጄ ነው» አለች። «ግማሽ ላይ የቆመው የሷ ነው። ምነው የአባ ሸምሱ ስም ተለጠፈበት?»

ጀይላን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሳው። «ስሙን የምጽፈው ጠዋት ነው፤ በቀጠሮው ቅደም ተከተል። አንደኛ ሪሀና፣ ሁለተኛ እሳቸው። ደሙን ደግሞ የምቀዳው በገባችሁበት ተራ…»

«እኛ አስቀደምናቸው።»

ጀይላን ፕላስተሩን መላጥ ጀመረ።

«ያለፈውስ ጊዜ?»

እጁ ቆመ። ዓመት ሙሉ ሲዋሽ ልትይዘው ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ምነው በዋሸኝ አለች።

«አላስታውስም» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዛሬውን አስተካክዬ እልካለሁ፤ በሁለት ሳምንት እውነቱ ይለያል። እስከዚያ ለማንም ባይናገሩ ይሻላል። ሰው በከንቱ ይረበሻል።»

ዙቤይዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዝም ካለች ሪሀና ሁለት ሳምንት ትስቃለች። ዝም ካለች ሽማግሌው ነገ ይሄዳሉ፤ ምናልባት የሌላ ሰው የሆነ መድኃኒት ይወስዳሉ። የሌላ ሰው። የማን እንደሆነ በልቧ እንኳ መጨረስ አቃታት። ያ ረቢ፣ የሳቸው ይሁን የሚል ዱዓ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። እንደ እሬት መረራት።

ወጣች። ሪሀና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ስለ ሽማግሌው አህያ ትጠይቃለች። ውስጥ እግሯ ላይ ያለው ጠባሳ ልስልስ ብሎ ያብለጨልጫል። ዙቤይዳ በሁለቱ መሀል ተቀመጠች።

«አባ ሸምሱ፣ አፉ ይበሉኝ።»

«ምን በድለሽኝ፣ ልጄ?»

«ተራችንን ለቀንልዎት።»

ሽማግሌው ሊስቁ ብለው ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

«ነገ አይሂዱ» አለቻቸው። «ያለፈው ደም ላይ ስሙ ተለዋውጦ ይሆናል።»

ሪሀና እናቷን አየች፤ ከዚያም ሽማግሌውን። የዘረጋችውን እግር ቀስ ብላ ከቀሚሷ ስር ሰበሰበች።