መንፈሱ እንዲህ አላለም

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወሰንየለሽ መርካቶ ውስጥ ክር፣ አዝራርና ዚፕ ትሸጣለች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፊልም ትተረጉማለች።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ዋዛ ነበር። እሷ በምትኖርበት ግቢ የሚኖረው ሁዛይፋ ዱባይ ተራ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው፤ ለሠርግ የሚያከራየው ፕሮጀክተር ሥራ ሲፈታ ወደ ቤት ይዞት ይገባል። አንድ እሑድ ለትንሿ ልጁ ለዱንያ ከኢንተርኔት ፊልም ከፈተላትና እንግሊዝኛው አልገባ ሲላቸው ወሰንየለሽን ጠራት።

«እትዬ ወሰን፣ ያ ዲግሪ ዚፕ ለመቁጠር ብቻ ነው እንዴ?»

መጣች፣ ቆማ ተረጎመች፣ ወደደችው። ከዚያ ወዲህ የእሷ ሰፊ ክፍል እሑድ እሑድ ሲኒማ ቤት ሆነ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠራል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ የግቢው ልጆች ፍራሽ ላይ ይደረደራሉ። እሷ ከአንሶላው ጎን ትቆምና የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አስደርጋ የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ ትላለች። የጠንቋይቱንም የድመቷንም ድምፅ ታወጣለች። ሱቋ ውስጥ ከሚያስፈልጋት በላይ አንድ ቃል የማትጨምር ሴት ስለሆነች፣ መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤቶቿ የሚገረሙት በፊልሙ ሳይሆን በእሷ ነበር።

አንድ ልማድ አላት። ፊልሙን ቀድማ ብቻዋን ሳታይ አትተረጉምም። ቃል እንዳይጠፋት ብላ አይደለም፤ የሚለወጠውን አስባበት ለመለወጥ ነው። ፊልሙ ውስጥ እናት ከሞተች በእሷ ትርጉም ሩቅ አገር ሄዳለች። አባት ከሞተ ሥራ ላይ ነው። መቃብር ቦታ የአትክልት ቦታ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምታደርገው ለልጇ ለሎዛ ነው። ሎዛ አሥር ዓመቷ ነው። አባቷ ጥላሁን ሲሞት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ለቅሶው ካበቃ በኋላ ወሰንየለሽ በልጇ ፊት ስሙን መጥራት አቆመች። እንድትረሳው ፈልጋ አይደለም፣ እንዳይከፋት ብላ እንጂ። ሎዛም አንስታው አታውቅም። ስለዚህ እናትየው ደግ ሠራሁ ብላ ታምናለች። ሁለቱ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያጠናሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ቤታቸው ሰላም ነው። የምትፈራው አንድ ቀን አንድ ሰው ሳያስበው አንድ ቃል ተናግሮ ይህን ሰላም እንዳያፈርስባት ነው።

ጥቅምት ሲጋመስ ሁዛይፋ ፊልም የሚከፍትበት ገጽ በዱባ ተሞላ። ዓይንና ጥርስ የተቀረጸላቸው፣ ከውስጣቸው ብርሃን የሚወጣ ዱባዎች ናቸው። ጎጃም በረንዳ ቅቤና ማር ሲነግዱ ያረጁት ጎረቤታቸው ጋሼ ጣሰው በርጩማቸውን ይዘው ገብተው አንሶላውን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሃሎዊን ነው ጋሼ» አለች ሎዛ። «የፈረንጅ ልጆች መንፈስ መስለው በየቤቱ ከረሜላ የሚለምኑበት ቀን። ሰሞኑን ሁሉም የሚያስፈራ ፊልም ነው የሚያየው።»

«ዱባው ምን አጠፋ?»

«ፊት ይቀርጹበትና ሻማ ያበሩበታል።»

«ከዚያስ? ይበሉታል?»

«አይ፣ ይጥሉታል።»

«አይ ጥጋብ!» አሉ ጋሼ ጣሰው እየተቀመጡ። «ስንት ሰሃን ወጥ የሚወጣው ዱባ! ከመንፈሱ ይልቅ ይሄ ነው የሚያስፈራው።»

ልጆቹ ሳቁ። ወሰንየለሽ ለዛሬ የመረጠችው ቤት መጥረግ የምትጠላ አንዲት ጠንቋይ ያለችበትን ፊልም ነበር። ሐሙስ ማታ እስከ መጨረሻው አይታዋለች፤ ምንም የሚለወጥ ነገር የለውም። ግን ሁዛይፋ ቢነካው ቢነካው አልከፈት አለ።

«ከዝርዝሩ አውጥተውታል መሰለኝ፣ እትዬ ወሰን። ሌላ እንምረጥ።»

«ያላየሁትን አልተረጉምም።»

«እሺ ዛሬ አብረሽን እያየሽ!» አሉ ልጆቹ በአንድ አፍ። ሎዛ ተነሥታ በጣቷ አንዱን ሥዕል አሳየች። አንድ መስኮቱ ብቻ የበራ አሮጌ ቤት ነበር። ከሥሩ ለቤተሰብ የሚሆን እንደሆነ ተጽፏል።

ወሰንየለሽ አመነታች። ክፍሉ ሙሉ ዓይኑን ጥሎባታል። ለቤተሰብ ካሉት ምን ሊኖረው ነው ብላ ተስማማች።

ፊልሙ የአንዲት ልጅና የእናቷ ታሪክ ነው። የሚኖሩበት ቤት ውስጥ መንፈስ አለ። መንፈሱ ሰው አይነካም፤ ብቻ ይበረብራል። መሳቢያ ይከፍታል፣ አልጋ ሥር ይገባል፣ ጫማዎቹን ሁሉ ደጅ ያወጣል። ወሰንየለሽ ገና ከመጀመሪያው ተመቻት። መንፈሱ ሲያጉረመርም፣ ገበያ የከዳውን የመርካቶ ደላላ ድምፅ ሰጠችው። «ኧረ የት ነው ያደረጋችሁት? እዚህ ቤት ዕቃ ቦታው አይቀመጥም?» ልጆቹ ፍራሹ ላይ ተንከባለሉ። ዱንያ በአባቷ ጃኬት ውስጥ ተደብቃ በእጅጌው ቀዳዳ ታያለች።

አንዱ መሳቢያ ድንገት ተወርውሮ ሲወጣ ጋሼ ጣሰው «በስመ አብ!» ብለው ከበርጩማቸው ተነሡ።

«ጋሼ ፈሩ! ጋሼ ፈሩ!»

«ማን ነው የፈራ? እግሬን ደንዝዞኝ ነው።»

«እግርዎ ነው እንዴ የጮኸው?» አለ ሁዛይፋ።

ወሰንየለሽም ሳቀች፤ መተርጎሙ ለአፍታ ተቋረጠ። ፊቷን ወደ አንሶላው ስትመልስ ልጅቷ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ እያየች ነበር። ፎቶግራፉ ውስጥ እጅጌውን የሰበሰበ ሰው አለ። ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ወሰንየለሽ ያን ጊዜ ገባት። የሚለወጠውን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ መንፈሱ ከጓዳው ወጥቶ ወደ ብርሃኑ መጣ። የሚያስፈራ ፊት የለውም። እጅጌውን የሰበሰበ፣ የደከመው ሰው ነው። ልጅቷ አንድ ቃል ብቻ አለችው።

«አጎቴ!» አለች ወሰንየለሽ ቶሎ ብላ።

ያቺን ቃል ለመረዳት እንግሊዝኛ መማር አያስፈልግም ነበር። ዱንያ እንኳ ከእጅጌው ውስጥ አንገቷን አወጣች።

«አባዬ ነው ያለችው» አለች ሎዛ።

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«አባቷ ነው፣ እማዬ። ሞቶ ነው እንጂ ሩቅ አገር አልሄደም።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ባለፈው እሑድም የአትክልት ቦታ አልነበረም። መቃብር ነበር።»

«እኔም ያ ሁሉ ድንጋይ አትክልት መሀል ምን ይሠራል ብዬ ነበር» አሉ ጋሼ ጣሰው ለራሳቸው።

ሁዛይፋ ፊልሙን አቁሞ ወሰንየለሽን አየ። «ይብቃን እንዴ፣ እትዬ ወሰን?»

ወሰንየለሽ አዎ ልትል ነበር። የምትፈራው ነገር መጥቷል፤ ያመጣችው ደግሞ ልጇ ናት። ሎዛን አየቻት። አላለቀሰችም። ከፍራሹ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«አይብቃን። እኔ ልተርጉም።»

እናትየው ልጇ የነበረችበት ቦታ ላይ፣ በልጆቹ መሀል ተቀመጠች። ሎዛ አንሶላው ጎን ቆመች። ትርጉሟ የሰፈር ነው፤ ፈጣን።

«'እስከ ዛሬ የት ነበርክ?' እያለችው ነው። 'እዚሁ ነኝ፣ ዕቃ እየፈለግኩ' አላት። 'ምን ዕቃ?' 'እሱ ነው የጠፋኝ! ስፈልግ ስፈልግ ምን እንደምፈልግ ረሳሁት እኮ!'»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ ጣሰው ከሁሉም በላይ ሳቁ። ወሰንየለሽ ልጇ ይህን ያህል እንግሊዝኛ እንደምትሰማ አታውቅም ነበር። ታዲያ እሑድ እሑድ እንደዚያ ዝም ብላ የምታዳምጣት ምን እያሰበች ነበር?

አንሶላው ላይ ሰውየው ልጁ ፊት ተንበርክኮ ረጅም ነገር ተናገረ። ወሰንየለሽ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ሎዛም ሰማች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

«'ደህና ሁኚ' አላት» አለች ሎዛ።

«ያ ሁሉ 'ደህና ሁኚ' ነው?» አለች ዱንያ።

«አዎ። ፈረንጅ ሲሰናበት ያስረዝማል።»

ሎዛ ይህን ስትል ወደ እናቷ አላየችም። ወሰንየለሽ ግን ያንን ድምፅ አወቀችው። የራሷ ድምፅ ነው። «ሥራ ላይ ነው» ስትል፣ «ሩቅ አገር ሄደች» ስትል የምታወጣው፣ ምንም ያልሆነ የሚመስለው ለስላሳ ድምፅ። ልጇ ዝም ያለችው ረስታ አልነበረም፤ ከፍቷትም ብቻ አልነበረም። እናቴ እንዳይከፋት ብላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ ሲተረጉሙ ኖረዋል።

«ሎዛ» አለች። «መንፈሱ እንዲህ አላለም።»

«እንዲህ ነው ያለው።»

«አይደለም። ሁዛይፋ፣ እባክህ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው።»

መለሰው። ኔትወርኩ ደክሞ ኖሮ አንሶላው መሀል ትንሿ ክብ ትዞር ጀመር። ሁሉም ክቧን እያዩ ጠበቁ። ፊልሙ እንቢ ይበል ብሎ የሚመኝ አንድ ልብ ወሰንየለሽ ውስጥ አልጠፋም። ክቧ ጠፋች፤ ሰውየው እንደገና ተንበረከከ። ወሰንየለሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ የደላላውን ድምፅ ትታ በራሷ ድምፅ ተረጎመች።

«'ለእናትሽ ንገሪያት' ነው ያለው። 'ስሜን የማትጠራው ልጄ ይከፋታል ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። አልተቀየምኳትም። ግን ስታነሡኝ፣ ስትስቁብኝ ብሰማ ደስ ይለኛል።'»

ሎዛ ከአንሶላው አጠገብ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች፤ ተጠጋቻት። የቀረውን ማንም አልተረጎመውም፤ የሚያስፈልገውም አልነበረም። ሰውየው ለልጁ እጁን አውለበለበ፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው በሩን ከፍቶ ወጣ፣ የስም ዝርዝር መውረድ ጀመረ።

«ነገ ይመለሳል?» አለች ዱንያ።

ሁዛይፋ ሊመልስ ሲል ወሰንየለሽ ቀደመችው። «አይመለስም፣ የኔ ቆንጆ። ሞቷል።»

ዱንያ ትንሽ አሰበች። «እሺ» አለች፤ ቀጥላም ፈንዲሻ ተርፎ እንደሆነ ጠየቀች። ጣሪያው አልተናደም፤ ልጆቹ ጫማ መፈላለግ ጀምረዋል። ወሰንየለሽ ይህን ያህል ዘመን ምን እንደሚሆን ስትፈራው የነበረው ነገር ይኸው ነው።

«እማዬ» አለች ሎዛ። «አባዬ መንፈስ ቢሆን ኖሮ ምን ነበር የሚፈልገው?»

ወሰንየለሽ ማሰብ አላስፈለጋትም። «ጥላሁን? ካልሲውን ነዋ! አንድ እግሩን አድርጎ ሌላውን ፍለጋ ቤቱን የሚዞር ሰው ነበር። አግኝቶት ደግሞ ቀለሙ አይገጥምም።»

ሎዛ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። «አስታውሳለሁ! አንድ ቀን የኔን አደረገ!»

«የአንቺን አድርጎ 'ጠበበኝ፣ መርካቶ ዘንድሮ ጥራት ጠፋ' አለኝ።»

«ካልሲ ምን አላት!» አሉ ጋሼ ጣሰው። «የሱቁን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ከቶ ስንፈልግ እንድንውል ያደረገን ጊዜስ? እኔን አይደል እንዴ አስፋልቱ ላይ በሆዴ አስተኝቶ መኪና ሥር እንድፈልግ ያደረገኝ!»

«እርስዎን?» አለች ወሰንየለሽ። «ይህን ደግሞ መቼ ነው ያደረገው? እኔ አልሰማሁም።»

«ማን አፍ ሰጥቶኝ ልንገርሽ? እሱን ባነሣ ቁጥር ሻይ ልቅዳ ብለሽ ትነሻለሽ።»

እውነት ነው፤ ትነሣ ነበር። ሁዛይፋ የፕሮጀክተሩን ገመድ መጠቅለል ጀምሮ ተወው፤ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሎዛ የጋሼ ጣሰውን በርጩማ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እናቷ አስጠጋችው፣ እሳቸውም አብረው ተጠጉ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩን፣ ጋሼ» አለች ወሰንየለሽ። «ምንም ሳይቀንሱ።»

«ሳልቀንስማ ከሆነ ይመሻል።»

«ይምሽ።»