ያልተጠራችው ወየውታ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ያለ ወሩ መጣ። ለፀሐይ የተሰጣው ጡብ ሳይደርቅ ሟሙቶ ጭቃ ሆነ። እንደገና ሠሩት፤ እሱም ሟሟ። ጡብ የምታመላልሰው አህያ ተሸጠች። ከሠራተኞቹ ግማሹ ጥለው ሄዱ። የቀሩት ያለ ምሳ እረፍት ይሠሩ ነበር፤ ምሳ ስላልነበረ።

ጡብ ማምረቻው የሁለት ወንድማማቾች ነበር። ታላቅየው ያዛል፣ ገዢ ያነጋግራል፣ ጭቃውን በጣቱ አሽቶ በቃ ወይም አልበቃም ይላል። ታናሽየው እሳት ጠባቂ ነው። እቶኑን የሚቆሰቁሰው፣ አፎቹን በጭቃ መርጎ የሚዘጋው፣ ቀዝቅዟል ብሎ የሚከፍተው እሱ ነው። ሠራተኞቹ ሹፌ ይሉታል፤ ሳያሾፍ ውሎ ስለማያውቅ።

ሹፌ ቃል ይፈጥር ነበር። ቃሎቹ ሁሉ ለአንድ ነገር ነበሩ፤ ሰው ጥፋቱ ድንገት ሲገባው ለሚሰማው ስሜት። የጡቡን ቅርጽ አሸዋ ሳይነሰንስ ጭቃ የሞላ ሰው፣ ጡቡ ተጣብቆ አልወጣ ሲለው የያዘችው “ኧረታ” ናት። ኧረታ ትንሽ ናት፤ ጭቃውን ፍቆ እንደገና መሙላት ነው። በተሰጣ እርጥብ ጡብ ላይ የተራመደ ሰው ዞሮ የራሱን ዱካ ሲያይ “ባልረገጥኩ” ይዛዋለች። ከሁሉም የምትከፋው “ወየውታ” ናት። ወየውታ ሆድ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፣ ጉልበት ትቆርጣለች፣ ውሃ ቢጠጡባትም አትወርድም። አንድ ሠራተኛ ጡብ የሞላ ጋሪ ገልብጦ አፉን ይዞ በቆመበት፣ ሹፌ ግንባሩን ዳስሶ፣ ወየውታ ናት፣ ሞቅ ያለ ነገር ስጡት ማለቱን ለብዙ ጊዜ እያነሱ ይስቁ ነበር።

ከቀልዱ ደንብ ወጣ። ጥፋቱን ራሱ ቀድሞ በስሟ የጠራ ሰው አይሰደብም። ይሳቅበታል፣ ከዚያ ሁሉም ተባብሮ ያስተካክላል። በዚህ የተነሳ በግቢው የተደበቀ ጥፋት አልነበረም ማለት ይቻላል። ታላቅየው ግን ቃሎቹን በአፉ አዙሯቸው አያውቅም። የልጅ ጨዋታ ናቸው ይል ነበር። ደግሞም አለቃ ነውና አይሳሳትም።

በመጨረሻ የተሠራው ጡብ እንደምንም ደርቆ እቶን ገባ። የወቅቱ ተስፋ ያ ብቻ ነበር። ሹፌ፣ “ጋሼ፣ ዘንድሮ የኔ ድርሻ ለሠራተኞቹ ይሁን፤ ሲሞላልህ ትሰጠኛለህ” ብሎ በነጻ ሠራ። እንቅልፍ አጥቶ እሳቱን ጠበቀ። አፎቹን መርጎ፣ እስኪቀዘቅዝ ማንም እንዳይነካው ተናግሮ ሊተኛ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ሊገዛቸው የተስማማ አንድ ተቋራጭ ጡቡን ካላየሁ ከሌላ እገዛለሁ ብሎ ላከ። ታላቅየው ጨነቀው። ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ሲል፣ ጥቂት ለናሙና ላውጣ ብሎ አንዱን አፍ በዶማ ፈነቀለ። ቀዝቃዛው ንፋስ ከእጁ ቀድሞ ገባ። ከውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማው። ጡቡ እየተሰነጠቀ ነበር። ሆዱ ውስጥ የገባችው የትኛዋ እንደሆነች አላጣትም። ጭቃ አቡክቶ አፉን መልሶ መረገ፤ እጁን ታጠበ።

እቶኑ የተከፈተ ቀን አንድም ያልተሰነጠቀ ጡብ አልተገኘም። ሠራተኞቹ ከበው ቆሙ። ሹፌ አፎቹን አንድ በአንድ አየ። አንደኛው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ምርጉን በጣቱ ነካው። የሱ እጅ አልነበረም። ቀና ብሎ ወንድሙን አየና እንደ ቀልድ አድርጎ፣

“ጋሼ፣ ይቺ ወየውታ የማን ናት?” አለ።

መንገድ እየጠረገለት ነበር። ታላቅየው ያኔውኑ ገብቶታል። የሚጠበቅበት አንድ ቃል ነበር፤ ያውም የሚያስቅ ቃል። የሠራተኞቹን ፊት አየ።

“እሳት ጠባቂው አንተ” አለ። “የማን ልትሆን ነው?”

ሹፌ ብርድ ልብሱን ጠቀለለ፣ ሚስቱን ጠራ፣ በጠራራ ፀሐይ ሁሉም እያየው ከግቢው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በግቢው ቃል የፈጠረ የለም። ሠራተኞቹ ጥፋት መደበቅ ለመዱ። የተጣመመውን ከክምሩ ሥር ይከቱታል፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ያገኘዋል። ታላቅየው ቢጮህ፣ ቢያስፈራራ፣ እኔ ነኝ የሚል ጠፋ። ገዢም እየራቀ ሄደ። አንዳንዴ ታላቅየው ባዶው እቶን አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ለሚሰማው ነገር ስም ሊያወጣለት ይሞክር ነበር። አንድ ቀን “ወንድሜታ” አለ። አላሳቀችም። ሹፌ ቢሆን ያሳምራት ነበር ብሎ አሰበ፤ አስቦም ተነስቶ ቤት ገባ።

ታላቅየው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ ሹፌ በሌላ ከተማ የራሱን እቶን እንዳቆመ ሰማ። ሚስቱ ምን ይዘህ ልትሄድ ነው አለችው። እግሬን፣ አላት።

ሲደርስ ሹፌ ከሠራተኞቹ ጋር ጭቃው ዳር ቆሞ ነበር። እሱም ሸብቷል። እንደ አዲስ ገዢ አንቱ ብሎ በአክብሮት ተቀብሎ ወንበር አስመጣለት። ታላቅየው አልተቀመጠም። ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

“ያቺ ወየውታ የኔ ነበረች። እቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ” አለ።

ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቃሏን ሰምተዋት አያውቁም። እዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ጨዋታ አልነበረም።

“አውቃለሁ” አለ ሹፌ፣ መሬት መሬት እያየ። “የእጅዎን ምርግ አጥቼው ነው?”

“ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?”

“ባለቤቷ ይጥራት ብዬ ነዋ።”

ታላቅየው ለንግግር አልመጣም ነበር። ያለ ድርሻ የሠራህልኝ ወቅት አለብኝ፣ ልሥራልህ አለ። ሹፌ ጭቃ ረጋጭ እንደጎደለው ተናገረ።

ታላቅየው ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ገባ። ወቅቱን ሙሉ ረገጠ። ጉልበቱ እምቢ ሲለው በዱላ ተደግፎ ይረግጥ ነበር። የሹፌ ሚስት ምሳውን በደንብ ታቀርብለታለች፣ ጨዋታ ግን አትጨምርበትም። አንድ ቀን ውሃ አብዝቶ ጭቃው ቀጠነበትና፣ “ኧረታ ያዘችኝ” አለ፤ ቃሏን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማለቱ ነበር። የሹፌ ከንፈር ለፈገግታ ሊፈታ ሲል አየ። ሹፌ ግን ፊቱን አዙሮ ማገዶ መደርደር ያዘ።

እቶኑ በጊዜው ተከፈተ። ጡቡ ሲያንኳኩት እንደ ደወል ይጮኻል። ሹፌ የየሰዉን ድርሻ ለይቶ ሲያስከምር ለታላቅየውም አስከመረለት። ታላቅየው ክምሩን ትንሽ አየና ጋሪ ስቦ፣ ጡቡን እየጫነ ወደ ሹፌ ክምር ማዞር ጀመረ። ሠራተኞቹ ሊያግዙት ቢነሱ ሹፌ በእጁ ከለከላቸው። ታላቅየው በተመላለሰ ቁጥር፣ ተው ጋሼ፣ ይበቃል የሚል ድምፅ ይጠብቅ ነበር። አልመጣም። ሹፌ ቆሞ ያየው ነበር። የመጨረሻዋ ጡብ ስትቀመጥ መጥቶ ጨበጠው።

“አሁን ምንም የለብዎትም” አለ፤ ጋሼ ግን አላለውም።

ታላቅየው እግሩን ታጥቦ ጫማውን አደረገና ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።