ከዛፉ ዳር የቆመ ጥማድ

ግንቦት ገብቶም ደሴ ዛፉን አልቆረጠም። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ያለውን የአቶ ወገኔን ዲከረንስ የተባለ የከሰል ዛፍ እንደቆመ የገዛው ነጋዴ እሱ ነው። ሒሳቡን ጨርሶ ከፍሏል፤ ቆርጦ፣ እዚያው ከሰል አክስሎ መሬቱን ሊያስረክብ ተዋውሏል። እስከ መቼ እንደሆነ ግን ማንም አላነሳም። ሐምሌ ላይ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ደግሞ ከወዲሁ ተለቅቆ ደጋግሞ መታረስ አለበት።

«ታዲያ ይንገሩታ!» አለች የአቶ ወገኔ ልጅ ቤዛዊት። ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ከተመረቀች ገና ዓመቷ ነው፤ የአባቷ ዝምታ ያንገበግባታል።

«ገንዘቡን የተቀበልሁትን ሰው ደጁ ድረስ ሄጄ ‹ዛፍህን አንሳልኝ› ልበለው? ነውር ነው! ራሱ ይወቀው እንጂ።»

«በምን ይወቅ? ቀን ያልተቆረጠለት ውል እኮ ነው። መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ካልሰጡት ዳኛውም ዘገየ አይሉልዎትም።»

«ዳኛ!» አሉ አቶ ወገኔ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። «ያስተማርሁሽ ከሰው እንድታጣዪኝ ነው?»

በሩን ገጭ አድርጋ ወጣች። ግቢውን ሳታጋምስ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ሕጉ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ብቻ ነው አይልም፤ ውሉ እንዲፈጸም መፈለግን በግልጽ የሚያሳይ ሥራም ይበቃል። ተመለሰች።

«አባዬ፣ ነውሩ መናገሩ ነው አይደል?»

«አዎና።»

«በሬ መጥመድስ?»

አቶ ወገኔ አፍጥጠው አዩዋት፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

ቅዳሜ ጧት፣ ገበያተኛው ሲተም፣ አቶ ወገኔ በሬዎቻቸውን ጠምደው ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከዛፉ ዳር ቆሙ።

«ወገኔ፣ ዘንድሮ ዛፍ ልታርስ ነው?» አላቸው አንዱ ጎረቤት።

«ባለቤቱን እየጠበቅሁ ነው።»

ወሬው ገበያ ደርሶ ደሴን በባጃጅ አመጣው።

«አባ ወገኔ፣ ምነው የሰው መሳቂያ አደረጉኝ?»

«ምን አልሁህ? አንድ ቃል ወጣኝ?»

«እሱማ አልወጣዎትም! እኔ እኮ ዝም ሲሉ ጊዜ የሰጡኝ መስሎኝ፣ ዛፉ ትንሽ ወፈር ይበል ብዬ ነው። በሉ፣ ሰኞ ከሰል አክሳዮቼን አስገባለሁ።»

«የሚጨርሱትስ መቼ ነው?» አለች ከአባቷ ጎን የቆመችው ቤዛዊት፣ ለማየት ወደተሰበሰቡት ገበያተኞች እያመለከተች። «በነዚህ ሰዎች ፊት ቀኑን ቁረጥ።»

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?»

«ልጄ ናት» አሉ አቶ ወገኔ። «አርፈህ ቀኑን ብትነግራት ይሻልሃል።»

«ለሰኔ ሚካኤል መሬቱን አስረክባለሁ።»

ሁለት ገበያተኞች «ሰምተናል!» አሉ እየሳቁ። ቤዛዊት ለምስክርነት ብላ ስማቸውን ጠየቀች። አባቷ ግን ከተጠመደማ አይቀር ብለው ከዛፉ ዳር ያለችውን ጭንጫ ማረስ ጀምረዋል።