ባቡሩ የቆመ ዕለት

ክፍል ሦስት ውስጥ መዳን ማለት ዝም ማለት ነው። ይህን ከቲኬተሩ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት አውቶብስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ ኖሮ፣ አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ "ዓለም እዚህ ጋ ታበቃለች፣ መጨረሻው ፌርማታ ነው፣ ውረዱ!" ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ ባወረደ ጊዜ ነው ወደዚህ የአእምሮ ሆስፒታል የመጣው። አሁን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ዶክተሩ "ነገ ይወጣሉ" ብሎታል፤ ታላቅ እህቱም ልትወስደው ትመጣለች። እስከ ነገ አፉን ዘግቶ መቆየት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

አፍ መዝጋት ደግሞ የጊዜው ወግ ሆኗል። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ለሕመምተኞቹ ማስክ ታድሏል፤ ክር ያለው ነገር ለእነሱ አደገኛ ነው ተብሎ ግን ክሩ ተቆርጦ ነው የታደለው። ስለዚህ አሥራ አራት ጎልማሶች ማስካቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ተደርድረው ይውላሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ጉድ ነው። ጥበቃውም ግንባር ላይ የሚደገን ሙቀት መለኪያ ተሰጥቶታል፤ ሰውም ላይ ተደገነ ግድግዳ ላይ፣ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት ነው የሚለው።

የቲኬተሩ የአልጋ ጎረቤት ባቡሩ ይባላል። ከቁርስ ጀምሮ መብራት እስኪጠፋ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። መድኃኒት ቢጨምሩለት፣ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት ወይ ፍንክች! ቲኬተሩ የሙያ ነገር ሆኖበት ምልልሱን ይቆጥርለታል። በደህናው ቀን ሦስት መቶ ይሞላል።

ዛሬ አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተከለ። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል።

"ምነው ወንድሜ፣ ነዳጅ አለቀ እንዴ?" አለው ቲኬተሩ በሹክሹክታ።

ባቡሩ አየር ፍለጋ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሰማያዊ እስክሪብቶ የፈሰሰበት ይመስላል።

ዶክተሩ ለጠዋት ጉብኝት ሲገባ ባቡሩን ተቀምጦ አየውና ፊቱ በራ። "አያችሁ? አዲሱ መድኃኒት ሠራ!" አለና ካርዱ ላይ "ተረጋግቷል፤ ከፍተኛ መሻሻል" ብሎ ጻፈ። ጥበቃው እንኳ አጨበጨበ።

ቲኬተሩ ምላሱን ነከሰ። ነገ እኮ ነው። ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ማስኩን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። አላስቻለውም። ነርሷን ጠጋ ብሎ በተቻለው ጨዋነት፣ "ሲስተር፣ ይሄ ሰውዬ መተንፈስ አቅቶታል" አላት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነገ ወጪ ነዎት። የሰው ጣጣ ምን ያደርግልዎታል?"

"ከንፈሩን እዪው እስቲ።"

"ሙቀቱ ተለክቷል። ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት ነው።"

"የግድግዳውም እንደዚያው ነው!"

"ቀስ ይበሉ እንጂ!" አለች ወደ ዶክተሩ ቢሮ በዓይኗ እየጠቆመች። "ይሄ ካርድዎ ላይ እንዲገባ ይፈልጋሉ?"

ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ሁለት ክፍል ለብቻዋ ተሸክማ ነው። ያለችውም እውነት ነው። ጩኸት ካርድ ላይ ይገባል። ትንፋሽ ማጣት ድምፅ ስለሌለው አይገባም።

ቲኬተሩ ተመልሶ ቁጭ አለ። ምልልስ ስለሌለ የባቡሩን ትንፋሽ ይቆጥር ጀመር፤ በደቂቃ ሠላሳ ስምንት። ድጋሚ ቆጠረ፤ አርባ ሁለት። ጣት የምትቆነጥጠው የኦክስጅን መለኪያ ነርሷ ደረት ኪስ ውስጥ ናት። ሕመምተኞች ይሰብሯታል ተብሎ ለሠራተኞች ብቻ ነው የምታገለግለው።

ቀጥሎ የሆነው ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ቲኬተሩ ብድግ ብሎ መለኪያዋን ከነርሷ ኪስ መነተፈና "ትኬት! ትኬት የሌለው ይውረድ!" እያለ ክፍሉን አናጋው። ጥበቃው ከኋላ ወገቡን ሲጠመጥምበት የባቡሩን ጣት በመለኪያዋ አስቆንጥጦ ይዞ ነበር። ተያይዘው ወደቁ፤ ጣቱን ግን አልለቀቀም።

"ቁጥሩን አንብቢው! አንብቢውና እሰሪኝ!"

ነርሷ ልትጮህበት የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ሰባ ዘጠኝ፤ የጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት አይወርድም።

ከዚያማ ኦክስጅን መጣ፣ አልጋ ተገፋ፣ ዶክተሩም ካርዱን ደረቱ ላይ አቅፎ ከኋላ ከኋላ ሮጠ። ቲኬተሩ መርፌ ተወጋ። የእሱም ካርድ ላይ "አገርሽቶበታል፤ መውጫው ተሰርዟል" ተብሎ ተጻፈ።

በማግስቱ እህቱ ከአጥሩ ውጭ ቆማ በስልክ አምባረቀችበት። "አንድ ቀን! አንዲት ቀን ዝም ማለት አቃተህ? ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ አጨናንቄ አንተን ስጠብቅ!"

"ሰውዬው ተመርምሮ ወረርሽኙ ተገኘበት። አጠገቤ ነበር የሚተኛው።"

"እና እኔ ምን ላድርግ?"

"እናማ ዛሬ ማታ ልጆችሽ አጠገብ ልተኛ ነበር።"

"በልተሃል?" አለችው፣ ድምጿ ሌላ ሆኖ።

ስልኩን ሲመልስ ነርሷ መለኪያዋን በእጇ ይዛ ከኋላው ቆማለች።

"ባቡሩ እንዴት ሆነልሽ?" አላት።

"ሰማንያ ስምንት ደርሷል። ገና ነው።" ወደ በሩ ገልመጥ ብላ ድምጿን ቀነሰች። "ጋሼ፣ ከትናንት ወዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ማን ዝም ብሏል?"

ቲኬተሩ ዞሮ አልጋዎቹን ቃኘ። በየሰዓቱ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ዛሬ አንድም ዜና አላሰማም። ጥግ ላይ ያለው ተሳዳቢ ከነጋ ጀምሮ የማንንም እናት አላነሳም።

"ከተሳዳቢው እንጀምር" አለና ቀደማት።