ለብሮሞ የተሳለች ፍየል

ሱታማን ድንቹ ከበሽታ ከተረፈለት ምርጥ ፍየሉን ለብሮሞ ተራራ አምላክ እሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ሊወረውር፣ መንደሩ በሙሉ እየሰማው ተሳለ። ድንቹ ተረፈ። ጉዱ የፈላው ያን ጊዜ ነው፤ ሰውየው ቃሉን ይሰጣል እንጂ ፍየሉን የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም።

ደግነቱ ስለት በሚወረወርበት በዓል ቀን ብሮሞ አፍ ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ላይ መረብ ይዘው የሚቆሙ ድሆች አሉ። ከላይ የተወረወረውን ቢቀልቡ ነውር የለውም፤ ሰጪው ሰጥቷል፣ የተቀለበው የቀላቢው ነው። ሱታማን የሚስቱን ወንድም ካርሶኖን መረብ አስይዞ እዚያ ሊያቆመው ወሰነ። የት እንደሚያቆመው ግን አላወቀም። ስለዚህ እሳተ ገሞራ ልታጠና ከከተማ መጥታ መንደራቸው ወደከረመችው ወደ ዊዊት ሄደ።

ዊዊት ደስ አላት፤ ጠያቂ አጥታ ነበር የከረመችው።

«ወንድም ሱታማን፣ ብሮሞ እኮ ልጅ ነው። እናትየው ተራራ ይሄን ሁሉ የአሸዋ ሜዳ ይዛ፣ ዙሪያውን እስከከበበን ገደል ድረስ ነበረች። የሆዷን እሳት ተፍታ ስትጨርስ ጣሪያዋ ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ብሮሞ ከፍርስራሹ መሃል ነው የበቀለው።»

«ነፍሷን ይማር። እና ልጁ አፍ ውስጥ የወደቀ ነገር የት ይቆማል?»

«ቀልጦ የቀዘቀዘው ድንጋይ ደረጃ ደረጃ ሠርቷል። አመዱ ልል ስለሆነ የሚንከባለለው ሁሉ የላይኛው ደረጃ ላይ ሰምጦ ይቀራል። ዝናብ ከጣለ ግን አመዱ…»

ሱታማን ወጥቶ ሄዷል። ለእሱ ትምህርቱ እዚያ ላይ አለቀ።

በዋዜማው ዝናቡ ጉድ ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ሱታማን ሕዝቡ ፊት ፍየሏን ከፍ አድርጎ፣ «አምላኬ ሆይ፣ ስለቴን ተቀበል!» ብሎ ለቀቃት። አመዱ ዝናቡን ጠጥቶ እንደ ሲሚንቶ ተጋግሯል። ፍየሏ የላይኛው ደረጃ ላይ በቆመው በካርሶኖ አጠገብ ሽው ብላ አልፋ፣ ታችኛው ደረጃ ላይ አንድ የቆላ ሰው መረብ ውስጥ ዘው አለች።

«ኧረ የኛ ናት! መልስ!» ብሎ ካርሶኖ ጮኸ።

የጸሎቱ መሪ፣ ሽማግሌው ፓክ ሱላሳ ወደ ሱታማን ዞሩ። «የናንተ? ምን እያለ ነው ይሄ?»

ሱታማን የኔ ናት ቢል ስለቱን መብላቱ ነው፤ መንደሩም ዕድሜ ልኩን መሳለቂያ ያደርገዋል።

«ዝም በል፣ አንተ ስግብግብ!» ብሎ ወደ ታች አምባረቀ። «የአምላክን ፍየል ትመኛለህ?»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የቆላው ሰው ፍየሏን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ዕድሜ ይስጥልኝ ጌታዬ!» አለ።

«እንዲህ ያለ ልብ አይቼ አላውቅም» አሉ ፓክ ሱላሳ። «ለከርሞ በሬ ነው የምትሳለው፣ አይደል?»

ሱታማን ፍየሏ ከዓይኑ ስትርቅ እያየ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሽማግሌው የእምነት እንባ መስሏቸው አብረውት አለቀሱ።